የእሽቅድምድም አውቶሞቢል ጐማ፤ ቆሞ ሲያዩት ያጋደለ፣ ሲታጠፍ የሚቃና

የእሽቅድምድም አውቶሞቢል ወሬ በተነሣ ቁጥር አስቀድሞ የሚጠየቀው ስለ ሞተሩ ነው። የስንት ፈረስ ጉልበት አለው? በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ይሮጣል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የሞተሩ ጉልበት፣ የፍሬኑ ብርታትና የነጂው ብልሃት ሁሉ በመጨረሻ መሬት የሚደርሱት በአራት ጐማዎች በኩል ብቻ ነው። እያንዳንዱም ጐማ መሬቱን የሚነካው ከሰው መዳፍ እምብዛም በማይበልጥ ስፍራ ነው። ያች መዳፍ የምታህል ስፍራ መሬቱን በሙሉ ከያዘች አውቶሞቢሉ ለነጂው ይታዘዛል፤ በጠርዟ ብቻ ከያዘች ግን የመቶ ፈረስ ጉልበት ቢኖር ነጂውን ከመንገድ ከመውጣት አያድነውም።

ይህን የሚወስነው የጐማ አላይመንት ነው፤ ይኸውም ጐማዎቹ ከመሬቱ፣ ከአውቶሞቢሉ አካልና እርስ በርሳቸው ያላቸው አቋም ማለት ነው። በተራ ጋራዥ አላይመንት የሚሠራው አውቶሞቢሉ ወደ አንድ ጐን እንዳይስብና ጐማው ቶሎ እንዳያልቅ ነው። ለእሽቅድምድም ሜዳ ሲሆን ግን ሐሳቡ ይለወጣል። የሚፈለገው ቆሞ ሳለ ለዓይን የሚያምር አቋም ሳይሆን፣ አውቶሞቢሉ በኃይል ሲታጠፍ ጐማው መሬቱን በሙሉ የሚይዝበት አቋም ነው።

ፈረስና ፈረሰኛ

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ የታወቀ አውቶሞቢል እንውሰድ። የጃፓኑ ማዝዳ ኩባንያ ኤም ኤክስ 5 የተባለውን፣ በአሜሪካ ሚያታ የሚሉትን ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ አውቶሞቢል ለሕዝብ ያሳየው በየካቲት 1981 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ1989) በቺካጎ ኤግዚቢሽን ነበር። ሞተሩ 1.6 ሊትር ብቻ ሲሆን ክብደቱም ከ1,000 ኪሎ ግራም ያነሰ ነበር። ሠሪዎቹ የተመሩበት ሐሳብ በጃፓንኛ «ጂንባ ኢታይ» ይባላል፤ ትርጓሜው ፈረሱና ፈረሰኛው አንድ አካል ሆኑ እንደ ማለት ነው። አውቶሞቢሉ እጅግ ተወዶ በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. (በ2016) ከፋብሪካ የወጡት ቁጥር አንድ ሚሊዮን ደረሰ።

በአሜሪካ «ስፔክ ሚያታ» የሚባል የእሽቅድምድም ክፍል አለ። በዚህ ክፍል የሚወዳደሩት አውቶሞቢሎች በደንብ የተወሰኑና እርስ በርሳቸው የተመሳሰሉ ስለሆኑ፣ ገንዘብ ያለው ሁሉ እንደ ፈቀደ ሞተሩን አበርትቶ መቅረብ አይችልም። ተወዳዳሪው ሊያስተካክላቸው ከሚፈቀዱለት ጥቂት ነገሮች አንዱ አላይመንት ነው። እኩል ጉልበት ባላቸው አውቶሞቢሎች መካከል የአንድ ዲግሪ ልዩነት ትልቅ ነገር የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

ሦስቱ አቋሞች

የመጀመሪያው ካምበር ይባላል። ጐማውን ከፊት ለፊት ቆመን ስናየው ራሱ ወደ አውቶሞቢሉ ካዘነበለ ኔጌቲቭ ካምበር፣ ወደ ውጭ ካዘነበለ ፖዚቲቭ ካምበር አለው እንላለን። በአውቶቡስ ቆሞ የሄደ ሰው እንደሚያውቀው፣ አውቶቡሱ ወደ ግራ ሲታጠፍ ሰውነት ወደ ቀኝ ይወድቃል። የአውቶሞቢሉም አካል እንዲሁ ወደ ውጭ ያጋድላል፤ አብዛኛው ክብደት በውጭ በኩል ባለው ጐማ ላይ ይጫናል፤ ጐማውም ከአካሉ ጋር አብሮ ወደ ውጭ ስለሚያዘነብል በውጭ ጠርዙ ብቻ መሄድ ይጀምራል። አስቀድሞ ወደ ውስጥ እንዲያጋድል የተደረገ እንደ ሆነ ግን፣ በዚያች ሰዓት ይቃናና መሬቱን በሙሉ ይይዛል። በሜዳ ላይ ለሚነዳ ኤም ኤክስ 5 ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ኔጌቲቭ ካምበር ይሰጠዋል። ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ደግሞ ጐማው በቀጥታ መንገድ ላይ በውስጥ ጠርዙ ስለሚሄድ፣ ፍሬን በተያዘ ጊዜ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ ካምበር ለመታጠፍና ለመቆም የሚደረግ ድርድር ነው።

ሁለተኛው ካስተር ነው። የብስክሌትን የፊት ሹካ ተመልከቱ፤ ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ ራሱ ወደ ነጂው አጋድሏል። ነጂው እጁን ቢያላላ እንኳ ብስክሌቱ አቅጣጫውን እንዲጠብቅ ከሚረዱት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። አውቶሞቢልም እንዲሁ ነው፤ ካስተሩ በጨመረ ቁጥር መሪው ወደ መሐል የመመለስ ፍላጎቱ ይጨምራል፤ ክብደቱም እንዲሁ። ከዚህም በላይ መሪው ሲዞር የውጭው የፊት ጐማ ተጨማሪ ኔጌቲቭ ካምበር እንዲያገኝ ያደርጋል። ለዚህ አውቶሞቢል ከ4 ዲግሪ ተኩል እስከ 5 ዲግሪ ተኩል የተለመደ ነው። ዋናው ነገር ግራና ቀኙ እኩል መሆኑ ነው።

ሦስተኛው ቶ ይባላል፤ በእንግሊዝኛ የእግር ጣት ማለት ነው። ከላይ ሲታዩ የሁለቱ ጐማዎች አፍንጫ እንደሚገጥም ሰው እግር ወደ ውስጥ ከተቀራረበ ቶ-ኢን፣ ወደ ውጭ ከተራራቀ ቶ-አውት ይባላል። ለሜዳ የፊቶቹ ጐማዎች ፍጹም ትይዩ ይደረጋሉ ወይም እጅግ ጥቂት ቶ-አውት ይሰጣቸዋል፤ አውቶሞቢሉም መሪውን ፈጥኖ ይቀበላል። ለኋላዎቹ ግን ጥቂት ቶ-ኢን መስጠት ይገባል። ይህ የምርጫ ጉዳይ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት በካሊፎርኒያ ያለውን የላጉና ሴካን ሜዳ እናስብ። ሜዳው በ1957 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የተከፈተ ሲሆን ርዝመቱ 3.6 ኪሎ ሜትር፣ መታጠፊያዎቹም 11 ናቸው። «ኮርክስክሩ» የሚባለው ስመ ጥሩ መታጠፊያ ከኮረብታ ራስ ላይ ወደ ግራ ይታጠፍና ወዲያው ወደ ቀኝ እየተመለሰ ወደ 18 ሜትር ያህል ይወርዳል። ነጂው ከጫፉ ሲደርስ የሚወርድበትን መንገድ አያየውም። ፍሬን ስለ ያዘ ክብደቱ ወደ ፊት ሄዷል፤ የኋላዎቹ ጐማዎች ቀለዋል። በዚህች ሰዓት የኋላዎቹ ጐማዎች ቶ-አውት ቢኖራቸው ክብደት የተጫነበት የውጭው ጐማ የአውቶሞቢሉን ጭራ ወደ ውጭ ይመራዋል፤ አውቶሞቢሉም እንደ እንዝርት ይሾራል። ጋራዥ ውስጥ በዓይን የማትታይ ሁለት ሚሊ ሜትር እዚህ ላይ ትታያለች።

በጋራዥ ውስጥ

ሥራው ሲጀመር ቡሎን ለመፍታት መቸኰል አይገባም። አስቀድሞ የላሉ ኩሽኔታዎችና ያረጁ ጎሚኒዎች ይለወጣሉ፤ የሚንቀጠቀጥ ነገር ልኩን አይጠብቅምና። ከዚያ የጐማው ነፋስ ይለካል፤ የአውቶሞቢሉ ከፍታ ይወሰናል፤ አውቶሞቢሉም በውሃ ልክ በተረጋገጠ ጠፍጣፋ ወለል ላይ ይቆማል። በነጂው ወንበር ላይ የነጂውን ክብደት የሚያህል ነገር ይቀመጣል። ሰው ሲገባበት የሚለወጥ ልክ፣ ልክ አይደለም።

በኤም ኤክስ 5 በእያንዳንዱ ጐማ በኩል፣ ከታችኛው ክንድ ሥር፣ ሁለት ልዩ ቡሎኖች አሉ። ከመሐል ፈንጠር ብለው የተሠሩ ስለሆነ ሲዞሩ ክንዱን ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ይገፉታል። በፊት በኩል ሁለቱ ተባብረው ካምበርንና ካስተርን፣ በኋላ በኩል ካምበርንና ቶን ያስተካክላሉ። የፊቱ ቶ የሚስተካከለው በመሪው ዘንግ ነው። ተራውም የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ ኋላው፣ ቀጥሎ ፊቱ፤ በፊትም መጀመሪያ ካስተርና ካምበር፣ በመጨረሻ ቶ። ካምበር በተነካ ቁጥር ቶ ስለሚለወጥ፣ ተራውን ያፈረሰ ሰው ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠራል።

ዘመናዊ ጋራዦች በኮምፒውተርና በካሜራ ይለካሉ፤ ነገር ግን ቱምቢና ሲባጎ ያለው ትዕግሥተኛ ሰው አስተማማኝ ውጤት ሊያገኝ ይችላል። ቱምቢው በጐማው አጠገብ ይንጠለጠልና ከክሩ እስከ ቸርኬው የላይ ጠርዝና የታች ጠርዝ ያለው ርቀት ይለካል። በሁለቱ ጠርዞች መካከል 380 ሚሊ ሜትር ቢኖር፣ አንድ ዲግሪ ካምበር 6.6 ሚሊ ሜትር፣ ሁለት ዲግሪ ደግሞ 13.3 ሚሊ ሜትር ልዩነት ይሰጣል። ትሪጎኖሜትሪ የሚማር አንባቢ በታንጀንት ሊያረጋግጠው ይችላል።

ለቶ ደግሞ በአውቶሞቢሉ ግራና ቀኝ ሁለት ሲባጎዎች ይወጠራሉ። ከፊት ጐማዎች መሐል ያላቸው ርቀት ግራና ቀኙ እኩል፣ ከኋላዎቹም እንዲሁ መሆን አለበት። ከዚያ ከሲባጎው እስከ ቸርኬው የፊት ጠርዝና የኋላ ጠርዝ ይለካል፤ የፊቱ ርቀት ከበለጠ ጐማው ቶ-ኢን አለው። የአንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት በዚያው ቸርኬ ላይ 0.15 ዲግሪ ያህል ነው። አውቶሞቢሉ በክሪክ ተነሥቶ ከነበረ ከመለካቱ በፊት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተገፍቶ መደላደል አለበት፤ ቡሎኖቹም በመጨረሻ የሚጠብቁት አውቶሞቢሉ በጐማዎቹ ላይ ቆሞ ሳለ ነው።

ምስክሩ ጐማው ራሱ ነው

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላም ሥራው አልተፈጸመም። ከሌላ ሰው አውቶሞቢል የተቀዳ ቁጥር መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም። ነጂው ጥቂት ዙር በኃይል ነድቶ እንደ ተመለሰ፣ ጐማው ሳይቀዘቅዝ ሙቀቱ በሦስት ስፍራ ይለካል፤ በውስጥ ጠርዝ፣ በመሐልና በውጭ ጠርዝ። የውጭው ጠርዝ ከውስጡ ይልቅ ከጋለ ኔጌቲቭ ካምበሩ አንሷል። ውስጡ ከውጩ እጅግ ከጋለ በዝቷል፤ በጥቂቱ ብቻ ከበለጠ ግን ደኅና ነው። መሐሉ ከሁለቱም ጠርዞች ከጋለ ነፋሱ በዝቷል። ሁሉም በደብተር ይጻፋል፤ ቀጥሎም አንድ ነገር ብቻ ይለወጥና እንደ ገና ይሞከራል። በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር የለወጠ ሰው፣ አውቶሞቢሉ ቢሻሻልም ቢበላሽም ምክንያቱን አያገኘውም።

ወደ ከተማ ሲመለሱ

የሜዳ አቋም ለከተማ መንገድ አይስማማም። ብዙ ሰው ጐማን የሚበላው ካምበር ይመስለዋል፤ ዋናው በላተኛ ግን ልኩን የሳተ ቶ ነው፤ ጐማው እየተንከባለለ በጐኑ ይፋቃልና። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ የውስጡ ጠርዝ ከእይታ ተሰውሮ ያልቃል፤ ባለቤቱ የውጩን እያየ ጐማዬ ደኅና ነው ሲል፣ በዝናብ ቀን ይከዳዋል። ስለዚህ አውቶሞቢሉን በሁለቱም ስፍራ የሚነዳ ሰው ቶውን ወደ መንገድ ልክ ይመልስ፤ የጐማውንም የውስጥ ጠርዝ ዘወትር በእጁ ይዳስስ።

አንባቢ ሆይ፣ ምናልባት የእሽቅድምድም አውቶሞቢል የለህም። ነገር ግን በመሥሪያ ቤት መኪናም ሆነ በታክሲ ጐማ ይኸው ሕግ ይሠራል። አንድ ጠርዝ ብቻ ካለቀ አላይመንቱ ይመርመር፤ ሁለቱም ጠርዞች ካለቁ ነፋሱ አንሷል፤ መሐሉ ካለቀ በዝቷል። ጎሚስታው እስኪነግርህ አትጠብቅ፤ ጐማ የሆነበትን ሁሉ በገላው ላይ ጽፎ ይሄዳልና ጐንበስ ብለህ አንብበው።