መልክ አይቶ ብሔር መለየት ይቻላልን?

ከደባርቅ ወደ ሽሬ የተጓዘ ሰው ሊማሊሞን ያውቀዋል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልፍሎ የሠራው ጠመዝማዛ መንገድ ከብርዳማው ደጋ ቁልቁል ወርዶ ቆላው ዛሪማ ላይ ያሳርፋል። ከዚያ አዲ አርቃይ፣ ማይ ጠብሪ፣ ተከዜ እያለ ይቀጥላል። በዚህ መስመር ሻይ ለመጠጣት አረፍ ያለ መንገደኛ አማርኛም ትግርኛም ይሰማል። አንዳንዴም ሁለቱንም ከአንድ ሰው አፍ ይሰማል።

እንዲህ ባለ ቦታ «እሱማ ከመልኩ ያስታውቃል» የሚል አይጠፋም። ሁላችንም አንድ ቀን ብለነው ይሆናል። በደህናው ጊዜ ጨዋታ ነው፤ ብንሳሳት ተሳስቀን እናልፈዋለን። በ2013 ክረምት ጦርነቱ በዚሁ መንገድ ሽቅብ ወጥቶ እስከ ዳባት አካባቢ ሲደርስ ግን ግምት ጨዋታ መሆኑ ቀረ። «ይሄ የእነዚያ ሰው ነው» የምትል አንዲት ቃል ሰው ልታሳስር፣ ልታስገድልም የምትችልበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ጥያቄውን በቁም ነገር እናንሣው፦ ለመሆኑ መልክ ስለ ሰው ማንነት ምን ይነግረናል?

ዓይናችን የሚያየው ምንድን ነው?

«ከመልኩ አወቅሁት» ስንል ብዙ ጊዜ ያወቅነው ከመልኩ አይደለም። ከአለባበሱ፣ ከፀጉር አሠራሩ፣ ከሰላምታው፣ አብሮት ካለው ሰው ነው። አንገት ላይ ማዕተብ ስናይ ክርስቲያን፣ ሒጃብ ስናይ ሙስሊም እንላለን። ይህ ሰው የመረጠው ምልክት እንጂ የፊት ቅርጽ አይደለም።

በዓይን ዳር የሚታየውን የምላጭ ጠባሳ እንውሰድ። ብዙዎች እንደ ብሔር መታወቂያ ይቆጥሩታል። ነገር ግን በሕፃንነት ለዓይን ሕመም ሲባል የሚደረግ ባህላዊ ሕክምና ነው፤ በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ትግርኛ ተናጋሪውም አማርኛ ተናጋሪውም ዘንድ ይገኛል። ጠባሳው የሚነግረን ልጁ ታክሞ እንደነበር ብቻ ነው።

በ2003 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ ያጠናክራል። ተመራማሪዎቹ የጃፓን ዜጎችንና አሜሪካዊ የሆኑ የጃፓን ተወላጆችን ፎቶ ለተመልካች አሳዩ። ተመልካቾቹ የትኛው የየት ሀገር ሰው እንደሆነ በተሻለ የለዩት ሰዎቹ ደስታን፣ ሐዘንን ወይም ሌላ ስሜትን በፊታቸው ሲያሳዩ ነበር። ፊታቸው ምንም ስሜት ሳያሳይ ሲቀር ግን የመለየት ችሎታቸው ቀነሰ። የአጥንትና የቆዳው መነሻ አንድ ነው፤ ፍንጭ የሰጠው ካደጉበት ማኅበረሰብ የተማሩት የፊት አነጋገር ነው።

ደምስ ምን ይላል?

ሪቻርድ ሌዎንቲን የተባለው የዘረመል ተመራማሪ በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ በሰው ልጆች መካከል ካለው የዘረመል ልዩነት 85 ከመቶ ያህሉ በአንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉ ግለሰቦች መካከል የሚገኝ መሆኑን አሳየ። በ2012 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያውያን ላይ የታተመ ሰፊ ጥናት ደግሞ ሴማዊና ኩሻዊ ቋንቋ ተናጋሪዎች በዘረመል እጅግ የተቀራረቡ መሆናቸውን፣ ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ከአፍሪካ ውጭ ከመጣ ሕዝብ ጋር የተደባለቀ ቅርስ እንደሚጋሩ አመልክቷል። ቋንቋችን ተለያየ እንጂ ዓይን የሚለየው ድንበር በመካከላችን አልተሰመረም።

ጀበርቲ ማን ነው?

ይህን ከማንም በላይ የራሳችን ታሪክ ያስረዳል። «ጀበርቲ» የሚለው ስም ከዘይላና ከይፋት አካባቢ ከሚነሣ የቦታ ስም የመጣ ሲሆን የደጋው ሙስሊሞች ሁሉ ሲጠሩበት ኖረዋል። አማርኛ የሚናገረው የጎንደር ነጋዴም ጀበርቲ ተብሏል፤ ትግርኛ የሚናገረውም እንዲሁ። ካይሮ በሚገኘው አል-አዝሀርም የሀገራችን ተማሪዎች ማደሪያ በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። ናፖሊዮን ግብፅን ሲወር ያየውን የጻፈው ታላቁ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱራሕማን አል-ጀበርቲ በ1753 እ.ኤ.አ. ካይሮ ውስጥ የተወለደ ግብፃዊ ነው፤ ስሙ ግን የአያቶቹን ሀገር ይዞ ቀርቷል። በካይሮ ጎዳና ያየው ሰው ከፊቱ ምኑን ሊያነብ ይችል ነበር?

ጎንደርንም እናስብ። በ1668 እ.ኤ.አ. በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ተወሰነ። መልክ የሚለይ ቢሆን ሰፈር መለየት ባላስፈለገ ነበር። በወገራና በሰሜን የኖሩት ቤተ እስራኤሎችም በመልክ ከጎረቤቶቻቸው አይለዩም ነበር፤ የሚታወቁት በመንደራቸው፣ በእምነታቸውና በእጅ ሥራቸው ነው።

በነቢዩ ዘመን የሆነው

ኢስላም ይህን ጉዳይ በሁለት ሐዲሶች ነክቶታል። ኡሳማ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ.) ጥቁር ነበር፤ አባቱ ዘይድ ግን ነጣ ያለ። እናቱ ሐበሻዊቷ ኡሙ አይመን ነበረች። ሰዎች የቀለሙን ልዩነት አይተው በልጅነቱ ላይ ጥርጣሬ አነሡ። አንድ ቀን አባትና ልጅ ፊታቸውን ተሸፋፍነው፣ እግራቸው ብቻ ወጥቶ ተኝተው ሳለ ሙጀዚዝ የተባለ ዝምድናን ከአካል አይቶ የሚለይ ሰው አያቸው፤ እግሮቹ የአንድ ዘር እንደሆኑም ተናገረ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዚህ እጅግ ተደስተው ወደ ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ገቡ።

ታዲያ ይህ መልክ አይቶ መፍረድን አይደግፍምን? አይደግፍም። ሙጀዚዝ የተናገረው ስለ አባትና ልጅ እንጂ ስለ ጎሣ አልነበረም፤ ያለውም ሰውን ከዘሩ ለማውጣት ሳይሆን በዘሩ ለማጽናት ነበር። እንዲያም ሆኖ ዑለማዎች ተለያይተውበታል፤ ማሊክ፣ ሻፊዒይና አሕመድ ለዘር ማረጋገጫ ሲቀበሉት አቡ ሐኒፋ አልተቀበሉትም። በቀለም የፈረዱት ሰዎች መሳሳታቸው ግን አላከራከረም።

ሁለተኛው የአንድ ዘላን ታሪክ ነው። ሚስቱ ጥቁር ልጅ ስለወለደች ተጠራጥሮ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጣ። እሳቸውም ስለ ግመሎቹ ቀለም ጠየቁት። ከቀያዮቹ መካከል ዳማ እንዳለ ሲነግራቸው ከየት እንደመጣ ጠየቁት፤ ምናልባት ከጥንት ዘር ተስቦ ይሆናል አለ። ያንተም ልጅ እንዲሁ ሊሆን ይችላል አሉት። መልክ ብቻውን የአባትን ዘር ካላስረዳ ብሔርን እንዴት ያስረዳል?

ግምት ሲያልቅበት መታወቂያ ይጠይቃል

የሩዋንዳን ታሪክ እናስታውስ። የቤልጂግ ቅኝ ገዢዎች በ1930ዎቹ የሁቱና የቱትሲን ማንነት መታወቂያ ላይ አሰፈሩ። በ1994 እ.ኤ.አ. በየኬላው የቆሙ ገዳዮች መታወቂያ ይጠይቁ ነበር። ቁመናውና አፍንጫው ተገምቶ ከተገደለው መካከል ሁቱ የሆነም ነበረበት።

ሩቅ መሄድም አያስፈልገንም። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በጥቅምት 2013 ስለተፈጸመው የማይካድራ ጭፍጨፋ ባወጣው ሪፖርት፣ ከግድያው በፊት የነዋሪዎች መታወቂያ እየታየ ማንነታቸው ይለይ እንደነበር ገልጿል። በ2014 መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ የተካሄደው እስር ብሔርን መሠረት ያደረገ መምሰሉ እንደሚያሳስበው ያስታወቀውም ይኸው ኮሚሽን ነው። ተጎጂዎቹ ይለያዩ እንጂ ስሕተቱ አንድ ነው። ለዚህ ነው አዲሱ የፋይዳ መታወቂያ ብሔር የማይጠይቅ መሆኑ ትልቅ ነገር የሚሆነው፤ በቀበሌው መታወቂያ ላይ ይሰፍር ነበርና።

እኛስ ምን እናድርግ?

የሱረቱል ሑጁራት 12ኛ አንቀጽ ብዙ ጥርጣሬን እንድንርቅ ያዘናል። 13ኛው ደግሞ ጎሣና ነገድ ሆነን የተፈጠርነው እንድንተዋወቅ መሆኑን ያስተምራል። መተዋወቅ በመጠየቅ እንጂ በመገመት አይሆንም። ሊማሊሞን ወርደን ከማናውቀው ሰው ጎን ስንቀመጥ ሰላም እንበለው፤ ማንነቱን እሱ ይንገረን። በአውቶቡስም ይሁን በኬላ «ከመልኩ ያስታውቃል» የሚል ስንሰማ ዝም አንበል። ያ ሰው ነገ ወንድማችን፣ አልያም እኛው ራሳችን ልንሆን እንችላለን።

ወላሁ አዕለም።