ያውቁ ኖሯል? ነዳጅ በጦርነት ጊዜ፦ ከአሰብ ማጣሪያ እስከ ፈረስ ቤት ወፍጮ

ያውቁ ኖሯል? ኢትዮጵያ የነዳጅ ማጣሪያዋን ያጣችው በቦምብ አይደለም። የአሰብ ማጣሪያ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1959 ሞስኮን ሲጎበኙ ባገኙት የሶቪየት ብድር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ጀመረ። ለ30 ዓመት ድፍድፍ አጣራ። ሰሜኑ በጦርነት ሲታመስ ቆሞ አሳለፈው፤ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ከተማዋ እጅ ስትለውጥም ተረፈ፤ ኤርትራ ከተለየች በኋላ ደግሞ ለሁለቱም አገሮች ይሠራ ነበር። የዘጋው እርጅናና ኪሳራ ነው፤ የተጣራውን ከውጭ መግዛት ይረክሳል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1997 ቆመ። በቀጣዩ ዓመት፣ ግንቦት 1990 ዓ.ም.፣ የድንበሩ ጦርነት ሲፈነዳ ወደቡም አብሮ ቀረ። ቦቴዎች ፊታቸውን ወደ ጅቡቲ አዞሩ።

ስለዚህ እኛ ዘንድ ማጣሪያን ከጥቃት መጠበቅ ማለት መንገድን መጠበቅ ማለት ነው።

ያውቁ ኖሯል? ለፈረስ ቤት ወፍጮ የሚሆነው ናፍጣ ከጅቡቲ ተነሥቶ በጋላፊ ይገባል፤ ሚሌንና አዋሽን ያልፋል፤ መሀል አገር ይደርሳል፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ይወርድና ደጀን ላይ ይወጣል። ከዚያ ደብረ ማርቆስ፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ እያለ በየማደያው ይራገፋል። ፈረስ ቤት ግን ከዋናው አስፋልት ወጣ ብላ ደጋ ዳሞት ላይ ናት። የመጨረሻው ጉዞ የቢጫው ጀሪካን ነው፤ ክዳኑ እንዳያፈስ ፌስታል ተጠቅልሎበት፣ በአይሱዙ ላይ ከእህል ጆንያ ጋር ተደርድሮ። ባለወፍጮው ተቀብሎ መጀመሪያ ያሸታል፤ ጣቱን ነክሮ ያሻል፤ ላምባ የተቀላቀለበት ከሆነ ይለየዋል። ሞተሩ ካልተነሣ በቆሎዋን በአህያ ጭና የመጣች እናት ወይ ታድራለች፣ ወይ እህሏን እንደጫነች ትመለሳለች። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ይህ መንገድ ስንቴ እንደተዘጋና እንደተከፈተ የጎጃም ሰው አይነገረውም፤ ያውቀዋል። ማጣሪያ ሳይመታ ነዳጅ የሚጠፋው እንዲህ ነው።

ያውቁ ኖሯል? በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ወደ አፋር ሲገፋ የሁሉም ዓይን ሚሌ ላይ ነበር። ሚሌ ትንሽ ከተማ ናት፤ ግን የጅቡቲ መንገድ የሚያልፈው በእሷ በኩል ነው። ያ መንገድ ቢቆረጥ ኖሮ አንድም ታንከር ሳይቃጠል አገሩ ሁሉ ሊቆም ይችል ነበር።

ቧንቧስ? ከጅቡቲ አዋሽ የሚደርስ 550 ኪሎ ሜትር የነዳጅ ቧንቧ ለመዘርጋት እ.ኤ.አ. በ2015 ስምምነት ተፈርሞ ነበር። ወረቀት ላይ ቀረ።

ያውቁ ኖሯል? ማጣሪያን የሚመታ ጠላት ዋና ዒላማው የነዳጅ ጋኖቹ ላይሆኑ ይችላሉ። ጋን ሲቃጠል ጭሱ ለካሜራ ያምራል፤ ጋን ግን ብረት ነው፣ በወራት ይተካል። የሚያመው ድፍድፉ እስከ 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ሞቆ ወደ ቤንዚን፣ ላምባና ናፍጣ የሚለያይበት ረጅም ማማ ሲመታ ነው። እሱ በትዕዛዝ የሚሠራ ዕቃ ነው፤ ከገበያ አይገዛም። ዩክሬን ከእ.ኤ.አ. 2024 ጀምሮ የሩሲያን ማጣሪያዎች በድሮን ደጋግማ ስትመታ ብዙ ጊዜ ያነጣጠረችው በእነዚህ ማማዎች ላይ ነው። ሩሲያም መድፍና ሚሳይል አልበቃ ብሏት በማጣሪያዎቿ ላይ የሽቦ መረብ እስከ መዘርጋት ደርሳለች።

ሽቦ መረብ ቀልድ አይምሰላችሁ። መስከረም 3 ቀን 2012 ዓ.ም. የሳዑዲ ዐረቢያው የአብቃይቅ ድፍድፍ ማቀነባበሪያ በድሮንና በሚሳይል ሲመታ፣ በብዙ ቢሊዮን ዶላር የተገዛው የአየር መከላከያ አላዳነውም። በቀን 5.7 ሚሊዮን በርሜል ምርት ባንድ ሌሊት ቆመ፤ ይህም ከዓለም አቅርቦት 5 በመቶ ያህል ነበር። ሳዑዲን ያዳናት በመጋዘን ያስቀመጠችው ክምችትና ቶሎ የደረሱት ጠጋኞች ናቸው።

ያውቁ ኖሯል? ይህ ትምህርት አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 1943 የአሜሪካ 177 ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ከሊቢያ ተነሥተው የሮማንያን ፕሎየሽቲ ማጣሪያዎች ለመደብደብ ዝቅ ብለው በረሩ። ጀርመኖች መድፉን ደርድረው፣ በሽቦ የታሰሩ ፊኛዎችን አየር ላይ ሰቅለው፣ ጭስ የሚነፉ መሣሪያዎችን አዘጋጅተው፣ በዋና ዋና ማሽኖች ዙሪያ ወፍራም ግንብ ገንብተው ጠበቋቸው። 54 አውሮፕላኖች ጠፉ። ማጣሪያዎቹ ግን ድሮም ከሚያስፈልገው በላይ አቅም ስለነበራቸው በሳምንታት ውስጥ ወደ ሥራ ተመለሱ። ለእኔ ከፊኛውም ከመድፉም በላይ የዳኑት በዚህ ትርፍ አቅም ነው።

የዚያው አገር የቀደመ ታሪክ ደግሞ ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 ጀርመኖች ወደ ሮማንያ ሲገሰግሱ ጆን ኖርተን ግሪፊትስ የተባለ እንግሊዛዊ የወዳጅ አገር ጉድጓዶችንና ማጣሪያዎችን በገዛ እጁ አቃጠለ፤ ጠላት እንዳይጠቀምበት።

ያውቁ ኖሯል? ኢትዮጵያ ለዓመታት ቤንዚን ከሱዳንም ትገዛ ነበር፤ ቦቴው በመተማ ገብቶ በጎንደር ያልፋል። ማጣሪያው ከካርቱም በስተሰሜን ያለው አል ጃይሊ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ሲጀመር ፈጥኖ ደራሹ ኃይል ያዘው፤ የአገሪቱ ጦር መልሶ የተረከበው እ.ኤ.አ. ጥር 2025 ላይ ነው። የተረከበው ግን የተቃጠለ ማጣሪያ ነበር፤ ያቃጠለው ማን እንደሆነ ሁለቱም ወገን ይካሰሳሉ።

ያውቁ ኖሯል? በጦርነት ሕግ ማጣሪያና ግድብ እኩል አይታዩም። እ.ኤ.አ. የ1977ቱ የጄኔቫ ስምምነቶች 1ኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል አንቀጽ 56 ግድብንና የኒውክሌር ማመንጫን በስም ጠቅሶ ይከልላል፤ ሲፈርሱ ሕዝብ ይጨርሳሉና። ማጣሪያ በዝርዝሩ የለም። ስለዚህ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴው ግድብ የተሻለ የሕግ ጋሻ አለው። ሕግ ድሮንን ያቆማል ወይ? ያ ሌላ ጥያቄ ነው።

መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ጎዴ ላይ የማጣሪያ መሠረት ድንጋይ ተጥሏል። ያው ክልል ሚያዝያ 16 ቀን 1999 ዓ.ም. አቦሌ የነዳጅ ፍለጋ ጣቢያ ላይ የኦጋዴን ብሔራዊ ነጻ አውጭ ግንባር (ኦብነግ) ታጣቂዎች ጥቃት አድርሰው 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን የተገደሉበት ነው። ማጣሪያው ካለቀ፣ የአቦሌው ጥቃት እንዳይደገም ከመድፍ በፊት ከአካባቢው ሕዝብ ጋር መስማማት ይቀድማል።

ያውቁ ኖሯል? ነዳጅ ዐድዋን የሚበቀለውን ፋሺስት ሊያቆመው ይችል ነበር። ኅዳር 1928 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበር በጣሊያን ላይ ማዕቀብ ሲጥል ነዳጅን ተወው። ሙሶሊኒ ኋላ ለሂትለር እንደተናገረው፣ ነዳጅ ቢከለከል ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከሐበሻ ምድር መውጣት ግድ ይሆንበት ነበር።

በተቃራኒው ጥር 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ይዞ በኦሜድላ የገባው፣ ጌዴዎን የተባለው የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ጥምር ጦር ስንቅና ጥይቱን የጫነው በ15,000 ያህል ግመሎች ላይ ነበር። ግመሎቹ ደጋውን አልቻሉም፤ ከጥቂቶች በቀር አለቁ። ጣሊያኖች ግን የካቲት 1933 ዓ.ም. ቡሬን ለቀቁ።

 

ያውቁ ኖሯል? ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል። ናፍጣ ግን ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ ክብሪት ቢጣልበት በቀላሉ አይያዝም። የደጋ ዳሞት ብርድ ቤንዚንን አያስተኛውም ማለት ነው። የሚቃጠለው ፈሳሹ ሳይሆን ትነቱ ነው፤ ትነቱም ከአየር ስለሚከብድ መሬት መሬቱን ሄዶ ምድጃ ይፈልጋል። በትልልቆቹ መጋዘኖች ጋኖቹ ተራርቀው የሚተከሉትና በአፈር ወይም በኮንክሪት ክትር የሚከበቡት፣ አንዱ ቢፈስ ሌላውን እንዳያያይዝ ነው።

መንገድ እየተዘጋ ጀሪካን ቤት ውስጥ የምታከማቹ ሁሉ ይህን ያዙልን፦ ጀሪካኑ ከመኝታና ከምድጃ ርቆ ውጭ ጥላ ሥር ይቀመጥ፤ ሲገለበጥ ፋኖስና ሲጋራ አይቅረብ፤ እሳት ከያዘው ውኃ አትድፉበት፣ ነዳጁ ውኃው ላይ ተንሳፍፎ እሳቱን ያሰፋዋል። አፈር ወይም አሸዋ አልብሱት።