ያውቁ ኖሯል? ጊዮርጊስ ጉራማይሌ ነው!

ያውቁ ኖሯል? ወጥ ያልሆነ ነገር የማያሳስበው የሳይንስ ዘርፍ የለም! ኬሚስቱ በብርጭቆ ውስጥ ያገኘዋል፤ ሐኪሙ በደም፣ አግሮኖሚስቱ በገብስ ማሳ፣ የሥነ ፈለክ ሊቁ በሰማይ። እኛ ግን ከፒያሳ ብዙም ሳንርቅ፣ ጊዮርጊስ አደባባይ ላይ ቆመን እናሳይዎታለን!

ከቤተ ክርስቲያኑ እንጀምር። የአራዳው ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ባለ ስምንት ማዕዘን ነው! ታቦቱ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ድረስ ዘምቷል! ታዲያ ከጣሊያን ጋር በተደረገው ጦርነት የዘመተው ታቦት የሚያርፍበትን ሕንፃ ንድፍ ማን ያወጣው ይመስልዎታል? ሴባስቲያኖ ካስታኛ! ጣሊያናዊ! በ1929 ዓ.ም. ያቃጠሉትም ጣሊያኖች ናቸው፤ ፋሽስቶቹ። ከነፃነት በኋላ ታድሶ፣ ዛሬ ውስጡን የሚያስጌጡት የአፈወርቅ ተክሌ ሥራዎች ናቸው። በአንድ ሕንፃ ስንት ታሪክ!

ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚሁ ነው! ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. እዚሁ!

በዚያ በጥቅምቱ በዓል የተሰማውን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ኢትዮጵያዊ አልነበረም! ኬቮርክ ናልባንዲያን የተባለ አርመናዊ ነው። ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ! የነፋሱ መሣሪያ ተጫዋቾችስ? ራስ ተፈሪ (የኋላው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ) በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ አግኝተው ያስመጧቸው 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች! ከተሜው «አርባ ልጆች» ብሎ ጠራቸው፤ ስሙም ጸንቶ ቀረ። ከአርመኖች እልቂት የተረፉ ልጆች የሌላ አገር መዝሙር ተጫዋቾች ሆኑ! ይህን ልብ ወለድ ላይ ቢያነቡት «አበዛው» ይሉ ነበር።

ፒያሳ አካባቢ ሌላ ቤተ ክርስቲያንም አለ፤ የአርመኖቹ። በማን ስም እንደተሠራ ይገምቱ። በቅዱስ ጊዮርጊስ!

ከካቴድራሉ ፊት ለፊት በፈረስ የተቀመጡት ዳግማዊ ምኒልክስ? ሐውልታቸው የጀርመናዊ እጅ ሥራ ነው! ጣሊያን አዲስ አበባ እንደገባ ነቅሎ ደበቀው። ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ቆመ!

የድሮው የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ መርካቶ አልነበረም! እዚሁ ጊዮርጊስ ሥር፣ አራዳ ነበር። ከገጠር እህልና ከብት ይዞ የመጣው ባላገር፣ ሕንዱ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ዓረቡ ሁሉ እዚያው ይገበያዩ ነበር። ወደ ምዕራብ ገፍቶ መርካቶን ያቋቋመው የጣሊያን አስተዳደር ነው!

አሁን ቡና እንጠጣ። ቶሞካ ቡና ቤት ቆመው የሚጠጧት ስኒ ክልስ መሆኗን ያውቁ ኖሯል? አረቢካ ቡና የተገኘው ሁለት የቡና ዝርያዎች ጫካ ውስጥ በተፈጥሮ ተዳቅለው ነው! አንዱ ወላጅ ሮቡስታ፣ ሌላው ዩጂኒዮይደስ። እያንዳንዳቸው 22 ክሮሞዞም አላቸው፤ አረቢካ ግን 44! በዓለም ዙሪያ የሚለማው አረቢካ ከጥቂት ዛፎች የተባዛ ስለሆነ እርስ በርሱ እጅግ ይመሳሰላል። ሰፊው ልዩነት ያለው በእኛ ደን ውስጥ ነው!

ማኪያቶ ካዘዙ ደግሞ ጉዳዩ የኬሚስቱ ነው። ወተት ለዓይን ወጥ ይመስላል፤ አይደለም! በማይክሮስኮፕ ሲታይ ውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ እልፍ የቅባት እንክብሎች ናቸው። ላዩ ላይ ያለው አረፋም አየርና ፈሳሽ የተቃቀፉበት ነው። አንድ ብርጭቆ፣ ሦስት ዓለም!

የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ በሥጋ ቤቶቹ የታወቀ ሰፈር ነበር። ሥጋ ቤት ባለበት ድመት አይጠፋም። ጥቁር፣ ብርቱካንማና ነጭ የተቀላቀለባት ድመት አይተው ያውቃሉ? ሳይጠጉ ይወራረዱ፤ ሴት ናት! ወንድ የሚገኘው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። የብርቱካንማውን ቀለም የሚወስነው ዘረ መል ያለው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው፤ ሴቷ ሁለት ኤክስ አላት፤ እያንዳንዱ ሕዋሷ ግን አንዱን ዘግቶ በአንዱ ብቻ ይሠራል። አንዱ ጋ ጥቁሩ ይበራል፣ አንዱ ጋ ብርቱካንማው! ሜሪ ላየን የተባለች እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1961 ይህን ሐሳብ አቀረበች። ይበልጥ የሚገርመው፣ ሴቶች ሁሉ እንዲሁ ናቸው! እናትዎ፣ እህትዎ፣ ሴት ልጅዎ፤ በሕዋስ ደረጃ ሁሉም ጉራማይሌ!

ፋርማሲስቱ የሚደነግጥበት ደግሞ ይኸውልዎ። ጉበት ውስጥ መድኃኒት የሚለውጥ አንድ ዘረ መል አለ። አብዛኛው ሰው ሁለት ቅጂ ብቻ ይዞ ይወለዳል፤ አንድ ከእናት፣ አንድ ከአባት። በአንድ ጥናት ከተመረመሩ ኢትዮጵያውያን መካከል 29 በመቶው ትርፍ ቅጂ ይዘው ተገኙ! ስዊድን ውስጥ 1 ወይም 2 በመቶ ቢሆን ነው። ኮዲን የተባለው የሕመም ማስታገሻ ትርፉን በያዙ ሰዎች አካል ውስጥ በፍጥነት ወደ ሞርፊን ይለወጣል! ለአንዱ ልክ የሆነው መጠን ለጎረቤቱ አደጋ!

ከሰው ወደ ሰብል እንለፍ። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ ራስ ተፈሪን አነጋግሯል! የመጣው ዘር ሊሰበስብ ነበር። የኢትዮጵያ ማሳ አፉን አስያዘው! ጢም የሌለው የማካሮኒ ስንዴ እዚህ አገኘ። ኢትዮጵያንም ከዓለም የሰብል መነሻ ማዕከላት አንዷ ብሎ መዘገባት።

የካሊፎርኒያን ገብስ ቢጫ አድርጎ ከሚያቀጭጨው ቫይረስ የታደገው ዘረ መል ከየት የተገኘ ይመስልዎታል? ከኢትዮጵያ ገብስ!

የትግራይ ገበሬ ስንዴና ገብስ ቀላቅሎ በአንድ ማሳ ይዘራል፤ ሐንፈጽ ይባላል። አብረው ይታጨዳሉ፣ አብረው ይወቃሉ፣ አብረው ይፈጫሉ! ዝናቡ ሲያጥር ገብሱ፣ ሲመች ስንዴው ያመርታል። ኮሌጅ ያልገባ ኢንሹራንስ!

ማሳ ላይ የሚበተነው ዩሪያ ማዳበሪያ የሚጀምረው ጋዝ ከጠጣር ሲገናኝ ነው! ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን በብረት ገጽ ላይ ተገናኝተው አሞኒያ ይሆናሉ። ብረቱ ግን አያልቅም!

ቀና ይበሉ። እንጦጦ ላይ መስታወታቸው 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ሰማዩን ይቃኛሉ። ሰማዩ ምን ያህል ወጥ ነው? ከዓለማት ልደት የቀረው ጨረር ከየትኛውም አቅጣጫ ቢለካ የሙቀቱ ልዩነት ከ100,000 አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው! ያቺ ቅንጣት መዛነፍ ባትኖር ግን ጋላክሲ የለም፣ ፀሐይ የለም፣ ፒያሳ የለም!

አማካይ ያምናሉ? አይመኑ! ፍራንሲስ አንስኮምብ የተባለ የስታቲስቲክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1973 አራት የቁጥር ስብስቦች አወጣ። አማካያቸው አንድ፣ ስርጭታቸው አንድ፣ ዝምድናቸው አንድ! ሥዕል ላይ ሲወጡ ግን አንዱ በመስመር ዙሪያ ተበታተነ፣ አንዱ እንደ ቅስት ጎበጠ፣ የቀሩት ሁለቱን ደግሞ አንድ አንድ አፈንጋጭ ነጥብ አዛባቸው! አማካይ ገቢዎን ለሚነግርዎት ሰው ይህን ያውሩለት።

ሐኪሙስ? በአንድ የካንሰር ዕጢ ውስጥ ያሉ ሕዋሳት እንኳ አንድ አይደሉም! ከአንዱ ጥግ የተወሰደው ናሙና ያላሳየውን ለውጥ የሌላው ጥግ ያሳያል።

ቋንቋችንስ? በኢትዮጵያ ከ80 በላይ ቋንቋዎች ይነገራሉ፤ ሴማዊ፣ ኩሻዊ፣ ኦሞአዊ፣ ናይሎ ሳህራዊ። ኦንጎታ ግን ከየትኛው ቤተሰብ እንደሆነ የቋንቋ ሊቃውንት እስከ ዛሬ አልተስማሙም! ተናጋሪዎቹም ጥቂት አዛውንት ናቸው።

ወደ አራዳ እንመለስ፤ ኳስ አለ! የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በአራዳ ልጆች የተመሠረተው ጣሊያን ጦርነት በከፈተበት በ1928 ዓ.ም. ነው! በ1936 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያ ሻምፒዮና ሲካሄድ ተሰላፊዎቹ አምስት ቡድኖች ብቻ ነበሩ። አራራት የአርመኖች! ኦሎምፒያኮስ የግሪኮች! ፎርቲቱዶ የጣሊያኖች፤ አዎ፣ ጣሊያን ተሸንፎ በወጣ በሦስት ዓመቱ! አራተኛው የእንግሊዝ ጦር ልዑክ ቡድን ነው። የአበሻው አንድ ብቻ፣ ጊዮርጊስ!

ዋንጫውን ማን ወሰደ? የፈረሰኞቹ፣ የጊዮርጊስ፣ ደጋፊ ከሆኑ ይቀመጡ። የእንግሊዝ ወታደሮች!