ሙሉ ዋጋና የደንበኛ እምነት

ቀብድ መቀበል በንግድ ዓለም የቆየ ልማድ ነው። ገዢ ዕቃውን በዓይኑ ሳያይ ገንዘቡን አስቀድሞ የሚሰጠው ሻጩን ስለሚያምን ነው። ስለዚህ ቀብድ የተቀበለ ነጋዴ ከገንዘቡ ጋር የሰውን እምነት በአደራ ተቀብሏል። ይህ አደራ ሲጓደል ምን እንደሚደርስ ለመረዳት የሚፈልግ ሁሉ የቪዲዮ ጨዋታን ንግድ ቢመረምር ብዙ ትምህርት ያገኛል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አዲስ ጨዋታ ለገበያ በወጣበት ቀን ዋጋው ከሁሉ ጊዜ ይልቅ ከፍ ያለ ነው። በአሜሪካ የታላላቆቹ ጨዋታዎች ዋጋ ለብዙ ዓመታት 60 ዶላር ከቆየ በኋላ፥ ከ2020 ወዲህ ብዙዎቹ ወደ 70 ዶላር ከፍ ብለዋል። ወራት ሲያልፉ ግን ዋጋው ብዙ ጊዜ ይቀነሳል፤ ስሕተቱም በኢንተርኔት በኩል እየታረመ ይሄዳል። አትክልት በማለዳ የሚገዛ ሰው ትኩሱን መርጦ ይወስዳል፤ በጨዋታ ገበያ ግን ማልዶ የመጣው ገዢ ከሁሉ የበለጠ ከፍሎ ከሁሉ የበለጠ ጉድለት ያለበትን ዕቃ ሊወስድ ይችላል።

የፖላንዱ ኩባንያ ሲዲ ፕሮጄክት ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ኩባንያው በ1994 በዋርሶ ሲመሠረት ሥራው ጨዋታዎችን ከውጭ አገር እያስመጣ መሸጥ ነበር። በዚያ ዘመን በፖላንድ በስርቆት የተባዛ ዕቃ ገበያውን ሞልቶት ስለ ነበር፥ ኩባንያው ጨዋታውን በአገሩ ቋንቋ አስተርጕሞ፥ ካርታና መጽሐፍ ጨምሮበት በመሸጥ ደንበኛ አፈራ። በ2015 «ዊቸር 3» የተባለውን የራሱን ጨዋታ ሲያወጣም 16 ተጨማሪ ክፍሎችን ያለ ዋጋ አደለ። የገዢው እምነት የተገነባው በዚህ ዓይነት ነው።

ከዚህ የተነሣ «ሳይበርፐንክ 2077» ሦስት ጊዜ ቀጠሮው ተላልፎ ዲሴምበር 10 ቀን 2020 ሲወጣ፥ አስቀድመው የገዙት ስምንት ሚሊዮን ያህል ነበሩ። ይሁን እንጂ ጨዋታውን አስቀድመው እንዲመረምሩ ለጋዜጠኞች የተሰጠው በኮምፒዩተር የሚሠራው ብቻ ነበር፤ ብዙ ሰው በቤቱ በያዛቸው በፕሌይስቴሽን 4 እና በኤክስቦክስ ዋን እንዴት እንደሚሠራ አልታየም። ገዢዎች ከፍተው ሲያዩት ጨዋታው ይቆማል፥ ይንቀረፈፋል፥ ሥዕሉ ይበላሻል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ፤ ሶኒም ጨዋታውን ከኢንተርኔት መደብሩ አውጥቶ የገዢዎችን ገንዘብ እንደሚመልስ አስታወቀ። ወደ መደብሩ የተመለሰው በጁን 2021 ነው።

አንዳንድ አንባቢ፥ «እስከ ዲሴምበር 20 ድረስ ከተመለሰው ሌላ 13 ሚሊዮን ያህል ተሸጦ የለምን? ታዲያ ምን ጐደለባቸው?» ይል ይሆናል። የጐደለው ከሽያጩ መዝገብ ውጭ ነው። የአክሲዮኑ ዋጋ በዚያው ወር ከሲሶ በላይ ወደቀ፤ በአሜሪካ ባለአክሲዮኖች ከስሰው ኩባንያው 1.85 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ጨዋታው እየታረመ የብዙዎችን ምስጋና ያገኘው በሴፕቴምበር 2023፥ ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው። በአንድ ቀን የፈሰሰውን እምነት ለመልቀም ይህን ያህል ጊዜ ወሰደ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ይህ ነው።

እንዲህ ያለው ጥፋት ከአንድ ኩባንያ አልፎ ገበያውን በሙሉ የሚያናጋበት ጊዜም አለ። አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለ1982 የገና ገበያ እንዲደርስ አምስት ሳምንት በሚያህል ጊዜ ያሠራው «ኢ.ቲ.» የተባለው ጨዋታ ሳይሸጥ ብዙ ቀርቶ፥ በ1983 ከሌላ ዕቃ ጋር በኒው ሜክሲኮ በረሓ ተቀበረ። በዚያ ጊዜ ደካማ ጨዋታ ገበያውን አጥለቅልቆት ስለ ነበር ባለሱቆች ጨዋታ የሚባል ዕቃ በመደርደሪያቸው ማኖር ፈሩ። በ1985 የጃፓኑ ኒንቴንዶ የቤት ውስጥ የጨዋታ መሣሪያውን በአሜሪካ ሲያወጣ በማሸጊያው ላይ የጥራት ማረጋገጫ ማኅተም ማተሙ ይህን ፍርሃት ለማራቅ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለነጋዴ የሚቀረው ትምህርት ግልጽ ነው። አንደኛ፥ ናሙና የምታሳዩት ገዢው ከሚረከበው ዕቃ ጋር አንድ ይሁን፤ ምርጡን አሳይቶ ተራውን ማስረከብ ገዢን ማታለል ነው። ሁለተኛ፥ የመላኪያው ቀን ስለ ደረሰ ብቻ ያልተጠናቀቀ ዕቃ አትላኩ፤ የዘገየ ዕቃ ያስቈጣል፥ የተበላሸ ዕቃ ግን ያስኰርፋል። ሦስተኛ፥ ጉድለት ሲገኝ ገንዘቡን ያለ ክርክር መልሱ። ስቲም የተባለው የጨዋታ መደብር በ2015 ባወጣው ደንብ፥ በ14 ቀን ውስጥ ከሁለት ሰዓት ያነሰ የተጫወተ ገዢ ምክንያቱ ምንም ቢሆን ገንዘቡን ይወስዳል፤ መመለስ እንደሚችል የሚያውቅ ገዢም ለመግዛት አይፈራም።

ሙሉ ዋጋ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሙሉ ዋጋ የሚጠይቅ ግን ሙሉ ዕቃ ማስረከብ ይገባዋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ዛሬ በመጀመሪያው ቀን የተሰለፈው ደንበኛ ነገም ይሰለፍ እንደ ሆነ የሚወስነው የተረከበው ዕቃ ነው።