ቅቤ በቡና ስለ መጨመር

ቡናን በቅቤ መጠጣት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው፤ በቦረናና በጉጂ ዘንድማ ቡናው ከነገለፈቱ በቅቤ ተጠብሶ «ቡና ቀላ» ይባላል። ልማዱን አንነቅፍም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ 100 ያህል ካሎሪ ስላለው ከብት ሲጠብቅ ለሚውል ሰው ስንቅ ነው፤ ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ለሚውል ግን ትርፍ ይሆንበታል።

ይልቁንም የሚያሳስበው የቅቤው ንጽሕና ነው። በከሚሴ ገበያ የሚሸጠው ለጋ ቅቤ፥ እንደ ሌላው አገር ሁሉ፥ ካልፈላ ወተት የተናጠ ከሆነ ከታመመች ላም የመጣ የብሩሴላ ተሕዋስ ሊኖርበት ይችላል። ይህም እየተመላለሰ የሚነሣ ትኩሳት፥ ላበትና የመገጣጠሚያ ሕመም ያስከትላል። «የቡናው ሙቀት ይገድለዋል» ብሎ መተማመን አይገባም፤ በሲኒ የተቀዳ ቡና ቶሎ ይበርዳልና። ስለዚህ ቅቤው አስቀድሞ በእሳት ፈልቶ ይነጠር፤ አረፋው ተገፎ አተላው ከተለየ በኋላ ክዳን ባለው ንጹሕና ደረቅ ዕቃ ይቀመጥ።