ደም አልቆም ሲል፦ የእጅና የእግር ማሰሪያ መቼና እንዴት?

የዛሬው ርዕሳችን በየቤታችን፣ በየሥራ ቦታችንና በየመንገዱ ሊገጥመን የሚችል ጉዳይ ነው።

በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ በኸንደቅ ዘመቻ ታላቁ ሶሐባ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ) ክንዳቸው ላይ ባለው ደም ሥር በቀስት ተመቱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቅርብ ሆነው እንዲጠይቋቸው በመስጊዱ ውስጥ ድንኳን አስተከሉላቸው። ከቀናት በኋላ ግን ቁስሉ እንደገና ተከፈተ። በአጠገባቸው በነበረው ድንኳን ያሉ ሰዎች ነገሩን ያወቁት ደሙ ወደ እነርሱ ሲፈስ አይተው ነው። ሰዕድም በዚያው ቁስል ሸሂድ ሆኑ። ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን የምናውቀው ከደረጃቸው ትልቅነት አንጻር ነው። የጤና ባለሙያ ሲያነበው ደግሞ ሌላም ነገር ያያል፤ የክንድ ደም ሥር ብቻውን ሰው ይገድላል።

በአንድ ጤነኛ አዋቂ ሰውነት ውስጥ ያለው ደም ወደ 5 ሊትር ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ 2 ሊትር ያህሉ ከፈሰሰ ሕይወት አደጋ ላይ ነች። በታፋ ውስጥ የሚያልፈው ትልቁ ደም ቅዳ ቧንቧ ሲቆረጥ ይህ መጠን ሻይ እስኪፈላ እንኳ አይጠብቅም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። አምቡላንስ የቱንም ያህል ቢፈጥን መጀመሪያ የሚደርሰው አጠገብ ያለው ሰው ነው።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. የተመረቀውን የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ እናስብ። ከየቤታችን ወንድምና እህት፣ ልጅና የጎረቤት ልጅ እየወጡ በእንዲህ ዓይነት ፋብሪካዎች ይሠራሉ። ጨርቅ ደርቦ የሚቆርጥ ባለ ቢላ ማሽን አለ፤ ብረት የሚቆርጥ ግራይንደር አለ። ከግቢው ውጭ ደግሞ ባጃጁና የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና አለ። ቤት ውስጥም ቢሆን በዒድ አል-አድሓ ቀን ቢላ ስንቱን እጅ እንደሚያገኝ እናንተው ታውቃላችሁ።

አብዛኛው ቁስል ማሰሪያ አያስፈልገውም። ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጎ በሁለት እጅ፣ በሰውነት ክብደት፣ ሳያቋርጡ መጫን ይበቃዋል። እየደጋገሙ ገለጥ አድርጎ ማየት ሊረጋ የጀመረውን ደም መቀስቀስ ነው። ቡና ወይም አፈር መነስነስም ቁስሉን ያቆሽሻል እንጂ ትልቅ ደም ሥር አይዘጋም።

ማሰሪያ፣ ባለሙያዎች ቱርኒኬት የሚሉት፣ የሚመጣው ደሙ እየተመታ ሲፈናጠር፣ መሬት ላይ ሲጠራቀም፣ እየተጫኑትም ጨርቁን አርሶ ሲያልፍ፣ ወይም እጅ ወይም እግር ሲቆረጥ ነው። የሚታሰረውም በእጅና በእግር ላይ ብቻ ነው። በአንገት፣ በሆድና በብሽሽት ላይ አይታሰርም፤ ብብትና ብሽሽት ላይ ያለ ቁስል ውስጡ ጨርቅ ተጠቅጥቆ ይጫናል።

ቦታው ከቁስሉ በላይ፣ ወደ ልብ በኩል፣ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ነው። ክርን ወይም ጉልበት ላይ አይታሰርም። ቁስሉ ከመገጣጠሚያው ሥር ከሆነ ከመገጣጠሚያው በላይ ይታሰራል። ቁስሉ የት እንዳለ ካልታየ ደግሞ በተቻለ መጠን ወደ ላይ።

ለዚሁ ተብሎ የተሠራው ማሰሪያ ከሁሉ ይሻላል፤ የፋብሪካ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ውስጥ መኖር ያለበትም እርሱ ነው። ከሌለ ሻሽ ወይም ነጠላ ታጥፎ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት እንዲኖረው ይደረግ። ሽቦ፣ ሲባጎና የጫማ ማሰሪያ ሥጋና ነርቭ ይቆርጣሉ። ቀበቶ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ነው፤ ግን ጠንካራ ስለሆነ በሚገባ አይጠብቅም። ጨርቁ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞ አንዴ ይቋጠር፤ በቋጠሮው ላይ ጠንካራ እንጨት፣ ለምሳሌ የወፍራም ማማሰያ እጀታ፣ ተጋድሞ በላዩ እንደገና ይቋጠር። ከዚያ እንጨቱ ደሙ እስኪቆም ይጠምዘዝ፤ እንዳይፈታም ጫፉ ይታሰር። መፋቂያ ለዚህ አይሆንም፣ ይሰበራል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አላልቶ በማሰር ነው። ደም ከልብ የሚያመጣው ቧንቧ ጥልቅና ጠንካራ ሲሆን የሚመልሰው ደግሞ ስስ ነው። ላላ ያለ ማሰሪያ መመለሻውን ዘግቶ ማምጫውን ይተወዋል፤ ደሙ እንዲያውም ይብሳል። ስለዚህ «ቀነሰ» ማለት አይበቃም፣ መቆም አለበት። በትክክል ሲታሰር በጣም ያማል። ተጎጂው ፍቱልኝ ብሎ ቢለምናችሁ አጽናኑት እንጂ አትፍቱ።

ድሮ በየስልጠናው በየሃያ ደቂቃው አላሉት ይባል ነበር፤ ዛሬም የሚሉ አሉ። ይህ ትምህርት ተትቷል። በላላ ቁጥር አዲስ ደም ይፈሳል፤ የታሰረውን መፍታት የሐኪም ሥራ ነው። እጁ ወይም እግሩ ይቀራል የሚለው ፍርሃትም መጠኑን ያልፋል። እስከ ሁለት ሰዓት የታሰረ አካል በአብዛኛው ይድናል፤ አደጋው ከዚያ በኋላ እየጨመረ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2006 ባግዳድ በነበረ የጦር ሆስፒታል ማሰሪያ የተደረገላቸው 232 ቁስለኞች ተጠንተው ነበር። በማሰሪያው ምክንያት ብቻ እጅ ወይም እግሩን ያጣ አልተገኘም። ተዳክመው ራሳቸውን ከመሳታቸው በፊት የታሰረላቸው ከመቶ ዘጠናው ተረፉ፤ ዘግይቶ የታሰረላቸው ግን ከመቶ አሥሩ ብቻ።

የታሰረበት ሰዓት ግንባሩ ላይ ወይም በወረቀት ይጻፍ። «8፡20» ብቻ ሳይሆን «ከቀኑ 8፡20» ተብሎ፤ የእኛና የፈረንጅ ሰዓት ሲደባለቅ ስድስት ሰዓት ይሳሳታልና። ማሰሪያው በልብስ አይሸፈን፤ ተጎጂውም ብርድ እንዳይመታው ይደረብለት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ የአካባቢያችሁንም ቁጥር ከወዲሁ መዝግቡ። ከመተሐራ ወይም ከባቱ በኩል ያላችሁ ደግሞ አዳማ ድረስ ከመገስገሳችሁ በፊት በቅርብ ያለው ጤና ተቋም ይቅደም።

አንዳንድ ወንድሞች የቆሰለችው ባዕድ ሴት ከሆነች እጃቸውን ይሰበስባሉ። እህቶችም እንዲሁ። ዑለሞች ግን ሕይወት ለማዳን በሚያስፈልገው መጠን መንካትን በደሩራ ሕግ ፈቅደዋል። የሚያስፈልገው ክንድ ወይም እግር ብቻ ይገለጥ፣ ሌላው ይሸፈን፤ ሴት ካለችና ከቻለች እርሷ ትቅደም፣ ከሌለች ግን ፈልጉ እየተባለ ደም አይፈስስም።

በመጨረሻም ስለ እባብ። በስምጥ ሸለቆ ቆላ አካባቢ የተነደፈን እግር በገመድ ማሰር የቆየ ልማድ ነው። ዛሬ የተናገርነው ለዚያ አይሠራም። የእባብ መርዝ በማሰር አይቆምም፤ የታሰረው አካል ግን ሊበሰብስ ይችላል። የተነደፈው ሰው ሳይራመድ፣ እግሩ እንዳይንቀሳቀስ ተደግፎ፣ በፍጥነት ወደ ሐኪም ይወሰድ።