ስለ አሮጌ የጭነት መኪና አልተርናቶር አገጣጠምና ስለ ቺንጋው መቅናት

በምዕራብ ጎጃም የእርሻ ሥራ በበሬ ጫንቃ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ማዳበሪያውና ምርጥ ዘሩ ከዋናው መንገድ ወደ ገጠር ማኅበራት የሚደርሰው፤ የቡሬው በርበሬና የፍኖተ ሰላም ዙሪያ በቆሎም ወደ ገበያ የሚወጣው በጭነት መኪና ነው። የዘር ወራት ግን ሰውን አይጠብቅም፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ የመጣ ማዳበሪያ ጥቅሙ ጥቂት ነው። ስለዚህ በየዞኑና በየወረዳው ያላችሁ የእርሻ ሹማምንት፤ በእጃችሁ ያለውን አሮጌ መኪና ከክረምት በፊት ማስመርመር ከእርሻ ሥራ አንዱ ክፍል መሆኑን እንድትመለከቱት ያስፈልጋል። ከዚህ ቀጥሎ የምንገልጸውም ትንሽ ስለምትመስል፤ ነገር ግን ስትበጠስ ሁሉን ስለምታቆም ስለ ቺንጋ፤ እንዲሁም ቺንጋዋ ስለምታዞረው የኤሌክትሪክ አመንጪ ነው።

አሮጌ የጭነት መኪና በአገራችን የታወቀ ታሪክ አለው። ፊያት የተባለው የኢጣሊያ ፋብሪካ ከ1931 እስከ 1939 እ.ኤ.አ. የሠራው 634 የሚባለው መኪና በወረራው ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ፤ ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከቡሬና ከደብረ ማርቆስ ከለቀቀ በኋላም «ትሬንታ ኳትሮ» እየተባለ ጭነት ያመላልስ ነበር። ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተሠራው ከ682 ወገን የሆነውንም «ኤን ትሬ» በሚል ስም ሾፌሮች ያውቁታል። መካኒኮቻችን ቺንጋ፤ ቡሎን፤ ሮንዴላ፤ ኩሽኔታ የሚሉትም ቃል ከኢጣሊያንኛ የተወረሰ ነው።

በቀድሞ መኪናዎች ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ነበር። ዲናሞ ሞተሩ ፈጥኖ ካልዞረ የሚሰጠው ኃይል አነስተኛ ነው፤ መኪናው በሌሊት መብራት አብርቶ ጭነት ሲያራግፍ ወደ ባትሪው ከሚገባው የሚወጣው ይበልጣል። አልተርናቶር ግን ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ አመንጭቶ፤ ዲዮድ በሚባሉት ክፍሎች ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ አድርጎ ስለሚያወጣው፤ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር እንኳ ባትሪውን ይሞላል። ክራይስለር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1960 እ.ኤ.አ. በቫሊያንት መኪናው ላይ ከገጠመው ወዲህ በዓለም ተስፋፍቷል። ስለዚህ አሮጌውን ዲናሞ አውጥቶ አልተርናቶር መግጠም መልካም ነው።

ሆኖም በጋራዥ ሁለቱም «ዲናሞ» ሲባሉ ስለሚሰማ፤ የግዥ ደብዳቤ ስትጽፉ ስሙን ለይታችሁ ጻፉ። ደግሞም መኪናው ባለ 12 ወይስ ባለ 24 ቮልት መሆኑ፤ የሚያስፈልገው የአምፔር ብዛት፤ የቺንጋው ስፋትና ሞተሩ የሚዞርበት አቅጣጫ ይገለጽ። ከባትሪው የትኛው ጫፍ ከመኪናው አካል ጋር እንደ ተያያዘ አስቀድሞ ይታይ፤ በአንዳንድ አሮጌ መኪና የተያያዘው ፖዘቲቩ ነውና፤ ይህ ሳይታወቅ አልተርናቶር ቢገጠም ዲዮዶቹ ወዲያው ይቃጠላሉ። አልተርናቶሩ የራሱ ተቈጣጣሪ ካለው የቀድሞው የዲናሞ ተቈጣጣሪ ከመስመሩ ይውጣ፤ ብዙ አምፔር የሚያወጣ ስለ ሆነም ቀጭኑ ሽቦ በወፍራም ይለወጥ።

ሥራው ሲጀመር ከመኪናው አካል ጋር የተያያዘው የባትሪው ሽቦ ይፈታ። አልተርናቶሩ በታች በኩል በረጅም ቡሎን በመደገፊያው ብረት ላይ ይያዛል፤ በላይ በኩል ደግሞ ቀዳዳው ረዘም ባለ ማስተካከያ ብረት ይታሰራል። የናፍጣ ሞተር መንቀጥቀጡ ብርቱ ነውና መደገፊያው ወፍራም ብረት ይሁን። በአልተርናቶሩ ጆሮና በመደገፊያው መካከል ክፍተት ቢኖር በልክ በተቈረጠ ቱቦ ወይም በሮንዴላ ይሞላ፤ ክፍተቱን በቡሎን ጉልበት ለመዝጋት መሞከር የአሉሚኒየሙን ጆሮ ይሰብራል።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ማቅናት ነው። ቀንበሩ የተዛነፈ እንደ ሆነ ጠንካራ በሬ እንኳ ጫንቃው እንደሚቈስል ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል፤ የቺንጋም ነገር እንዲሁ ነው። ቺንጋው የሚጠመጠምባቸው ባለ ቦይ መንኰራኩሮች፤ ፑሊ የሚባሉት፤ በአንድ መስመር ላይ መዋል አለባቸው። ለዚህም የከበረ መሣሪያ አያሻም፤ ቀጥ ያለ ብረት ወይም የተወጠረ ሲባጎ ይበቃል። ሲባጎው በሞተሩ ዋና ዘንግ ጫፍ ባለው ፑሊ ፊት ላይ ተለጥፎ ወደ አልተርናቶሩ ፑሊ ይዘርጋ። የፑሊዎቹ የጠርዝ ውፍረት የተለያየ ሊሆን ስለሚችል፤ ልኩ ከጠርዙ ሳይሆን ከቦዩ መካከል ይወሰድ። በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ መዛነፉ ከ1 ሚሊ ሜትር ተኩል እንዳይበልጥ ይጠንቀቁ። ፑሊው ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ቢወጣ በሮንዴላ ይመለሳል፤ ያዘነበለ እንደ ሆነ ግን መደገፊያው ራሱ መቃናት ያስፈልገዋል። ቺንጋው የሚይዘው በጎንና ጎኑ ስለ ሆነ የቦዩን ወለል መንካት የለበትም፤ ከነካ ይንሸራተታል።

ውጥረቱም በልክ ይሁን። በረጅሙ ክፍል መካከል በአውራ ጣት ሲጫኑት ከ1 እስከ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ቢረግብ ደኅና ነው። ከልክ በላይ ቢወጠር የአልተርናቶሩንና የውኃውን ፓምፕ ኩሽኔታ ይፈጃል፤ ቢላላ ይጮኻል፤ ይቃጠላል። አዲስ ቺንጋ ስለሚለጠጥ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ዳግመኛ ይወጠር። ሁለት ቺንጋ ጎን ለጎን ባሉበት ሞተር ሁለቱም አብረው ይለወጡ፤ አሮጌውና አዲሱ ሸክሙን እኩል አይካፈሉትምና። ዘይት ወይም ሳሙና መቀባት ጩኸቱን ለጊዜው ቢያጠፋም በሽታውን አይፈውስም።

ቺንጋው ራሱ ምስክር ነው። አንድ ጎኑ ብቻ ከተበላ ፑሊው ተዛንፏል፤ ሁለቱም ጎኖቹ እንደ መስተዋት ካበሩ ላልቷል፤ ውስጡ ከተሰነጣጠቀ አርጅቷል። አንዱን ጎን የተበላ ቺንጋ በአዲስ መለወጥ ብቻ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሁለተኛውም እንደ ፊተኛው ይበላልና። ሞተሩ ተነሥቶ በባትሪው ላይ ሲለካ በባለ 12 ቮልት መኪና 14፤ በባለ 24 ቮልት መኪና 28 ገደማ ከተገኘ ሥራው ተቃንቷል። ሞተሩ እየሠራ ግን የባትሪውን ሽቦ መንቀል ክልክል ነው።

በብዙ አሮጌ ሞተሮች ያው አንድ ቺንጋ የውኃውን ፓምፕና ማራገቢያውንም ያዞራል። ጭነት ይዞ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን በሚወጣ መኪና ላይ ቢበጠስ፤ የሚቀረው መብራቱ ብቻ አይደለም፤ ውኃው ይፈላል፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፤ ጭነቱም በዳገት ላይ ያድራል።

ስለዚህ ከሚያዝያ ወር በፊት እያንዳንዱ መኪና በሲባጎ እንዲለካ፤ ልኩና ቺንጋው የተለወጠበት ቀን በመዝገብ እንዲጻፍ፤ ሾፌሩም ልኩ የታወቀ ትርፍ ቺንጋና መፍቻ ሳይዝ ከቅጥር ግቢ እንዳይወጣ ማዘዝ ይገባችኋል። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ በመንገድ የቀረ ማዳበሪያ ግን የገበሬውን የዓመት ቀለብ ያጐድላል።